የእትዬ አንጓች ቀይ ክር

እኔ የሳይንስ አስተማሪ ነኝ፣ ሙት ጠራኝ፣ ጋኔን ታየኝ የሚል ሰው ሲገጥመኝ ሳቄን ዋጥ አድርጌ አዳምጥና ዞር ሲል ሆዴን ይዤ የምስቅ ሰው ነበርኩ፤ አሁንም ቢሆን አምናለሁ አልላችሁም፣ ግን በዓይኔ ያየሁትን፣ በጣቴ የነካሁትን ምን ላድርገው?

ጊዜው ደርግ ነው፣ ደባርቅ አስተምር ነበር፣ የተከራየሁት ባላቸው የሞተባቸው እትዬ አንጓች የሚባሉ ሴትዮ ግቢ ውስጥ አንዲት ክፍል ነበር። አንድ ልጃቸው ሞላ ለብሔራዊ ውትድርና ተወስዶ ወደ ሰሜን ዘምቷል። በዚያ ሰሞን በአዲ አርቃይ በኩል የተመለሰ አንድ ቁስለኛ ጓደኛው «እናቴ፣ ሞላ ካጠገቤ ወደቀ» ብሎ መርዶውን ነገራቸው። ሬሳ የለ፣ መቃብር የለ፣ ለቅሶው ብቻ ሆነና አለፈ፤ እትዬም ለአርባው ተዝካር ጌሾ ሲወቅጡ፣ ምስር ሲለቅሙ ይውሉ ጀመር፣ እመኑኝ፣ እሳቸውን ማየት ሆድ ያባባ ነበር።

የግንቦት ዝናብ ጠብ ሲል ጢንዚዛ ከየመሬቱ ይወጣ የለ? እኔም ለትምህርት ብዬ ከተማሪዎቼ ጋር ሰበሰብኩ። ስለ ጢንዚዛ ትንሽ ልንገራችሁ፣ አትሰልቹ፣ ነገሩ ያለሱ አይገባችሁም። የማወራው ስለ አንድ ቤተሰብ ነው፣ መለያው አንቴናው ነው፣ ጫፉ ላይ እንደ መጽሐፍ ገጽ የተደራረቡ ቅጠሎች አሉት፣ ሲያሸት ይዘረጋቸዋል፣ ሲፈራ ይከድናቸዋል፤ የፊት እግሩ ደግሞ ለቁፋሮ እንዲመቸው እንደ መጋዝ ጥርስ አለው። ከዚህ ቤተሰብ አንዱ ገፊ ነው፣ እበት አድቦልቡሎ፣ ተዘቅዝቆ፣ በኋላ እግሩ እየገፋ ይወስዳል፤ ሌላው ቆፋሪ ነው፣ እበቱ ሥር ጉድጓድ ምሶ ወደ ታች ይስባል፤ ሌላው ሰነፍ ነው፣ እበቱ ውስጥ ገብቶ እዚያው ይኖራል፤ እበት የማይነካም አለ፣ ቅጠል የሚበላ፣ ትሉ የገብስ ሥር የሚጨርስ። አንዱ የሌላውን ሥራ አይሠራም፣ ሁለት ገፊዎች እንኳ አንድ ድቡልቡል ላይ ከተገናኙ ይጣላሉ እንጂ አይተባበሩም።

እንግዲህ እያንዳንዱን ዓይነት በየራሱ የወተት ጣሳ ከድኜ፣ ገፊውን ብቻ ከነድቡልቡሉ አፈር ያለበት ሳፋ ውስጥ አድርጌ ግቢው ውስጥ አስቀምጫለሁ። ፀሐይ ልትጠልቅ ነው፣ ጉሙ ከገደሉ በኩል መውጣት ጀምሯል፣ እኔ እግሬን እየታጠብኩ ነው፣ እትዬ በርጩማቸው ላይ ሆነው ምስር ይለቅማሉ። ሽር፣ ሽር የሚል ድምፅ ሰማሁ። ገፊው ድቡልቡሉን እትዬ በተቀመጡበት በኩል ካለው የሳፋ ግድግዳ ጋር ያጋጫል፣ ይህ ምንም አይደለም፣ የታሰረ ፍጥረት መውጫ ይፈልጋል። እትዬ ነፋሱ ሲበረታባቸው በርጩማቸውን አንስተው በወዲያ በኩል ተቀመጡ። ድምፁ ቆመ። ትንሽ ቆየና ሽር፣ ሽር፣ አሁን በወዲያ በኩል።

«ልጄ፣ ይኼ ትልሽ ምን ሆኗል?» አሉኝ።

«ምስሩ ሸትቶት ነው እትዬ» አልኩ፣ እበት የሚበላ ጢንዚዛ ለምስር ምን አገባው፣ እኔው ራሴ ያልኩት አላሳመነኝም።

ከዚያ ጣሳዎቹ መቧጨር ጀመሩ፣ ሁሉም፣ ባንድ ጊዜ። አንዱ ክዳን ቀጭ ብሎ ወደቀ፣ ሌላው ተከተለ። ቆፋሪው ወጣ፣ ሰነፉ ወጣ፣ ቅጠል በሊው ወጣ፣ ክንፍ እያላቸው አልበረሩም፣ መሬት ለመሬት እየተጎተቱ መጥተው፣ ሳፋው ላይ ወጥተው ጠብ ጠብ እያሉ ገቡ። ሊጣሉ ነው ብዬ ጠበቅሁ። አልተጣሉም፤ ጭንቅላታቸውን ደፍተው፣ የኋላ እግራቸውን አንስተው ሁሉም ያንኑ ድቡልቡል መግፋት ጀመሩ። ገፍተው ማወቃቸው ቀርቶ ለመግፋት እንኳ ያልተፈጠሩት ሁሉ! ድቡልቡሉ በሳፋው ጠርዝ ላይ ወጣ፣ ወደቀ፣ ተንከባሎ እትዬ እግር ሥር ቆመ። ጢንዚዛዎቹም ባሉበት ቆሙ፣ አንቴናቸውን ዘርግተው።

እትዬ አልጮኹም። አነሱና በመዳፋቸው ፈረከሱት። ከውስጡ አረንጓዴ ጨርቅ የተጣበቀበት የኮት ቁልፍ ወጣ፣ የተሰፋው በቀይ ክር ነው።

«ይኼ የኔ ክር ነው» አሉ ቀስ ብለው። «ሲሄድ ለአረንጓዴ ኮቱ አረንጓዴ ክር አጣሁና ቁልፎቹን ሁሉ በቀይ ሰፋሁለት። ሥሩን እንዲህ ጠምጥሜ የምቋጥር እኔ ብቻ ነኝ። ልጄ አልሞተም።»

«እትዬ፣ ከብት እኮ ለጨው ብሎ ላብ ያለበት ልብስ ይበላል፣ ምናልባት በሰሜኑ መንገድ ከዛሪማ ጭነት ይዛ የመጣች በቅሎ...»

«እንግዲያ በቅሎዋ ልጄን አይታዋለች ማለት ነዋ?»

በማግስቱ ጌሾውን መውቀጥ ተዉ፣ ቁልፉን በመቀነታቸው ቋጥረው ነፍስ አባታቸው አባ ተገኘ ዘንድ ሄደው «ተዝካሩ ቀርቷል» አሉ። እኔ ግን እንቅልፍ አጣሁ፣ በኔ ጢንዚዛ ምክንያት አንዲት እናት ሞቶ የቀረ ልጅ ስትጠብቅ ልትኖር ነው ብዬ ጨነቀኝ።

ሞላ ግን መጣ።

በጠራራ ፀሐይ፣ በምርኩዝ እያነከሰ፣ ያንኑ አረንጓዴ ኮት ለብሶ በበሩ ገባ። እልልታው፣ ለቅሶው፣ የጎረቤቱ ግርግር አይነገርም። ቆስሎ ወድቆ እንደነበር፣ ቆላ ውስጥ አንድ ቤተሰብ ደብቆ እንዳስታመመው ነገረን፤ ጠባሳው፣ ሳቁ፣ አረማመዱ ሳይቀር ሞላ ነው አለ ጎረቤቱ ሁሉ። እትዬ እያለቀሱም እየሳቁም «ና፣ ቁልፍህን ልስፋልህ» ብለው መቀነታቸውን ፈቱ። እጃቸው ደረቱ ላይ እንደደረሰ ቆመ።

ኮቱ እስከ አንገቱ ተቆልፏል። አንድም አልጎደለም። የደረቱ፣ የእጅጌው፣ የኪሱ፣ ሁሉም በቀይ ክር፣ ሁሉም በዚያችው ቋጠሮ፤ ጨርቁም የትም ቦታ አልተቀደደም። እኔም እንደ ቀልድ አድርጌ በጣቴ ነካካሁት።

«አውልቀኸው ታውቃለህ?» አሉት።

«አንድም ቀን። ምነው እማ?»

«ምንም» አሉና ቁልፉን መልሰው ቋጠሩት።

በማግስቱ ትተውት የነበረውን ጌሾ እንደገና መውቀጥ ጀመሩ። ጎረቤቱ የምስጋና ድግስ ነው አለ፣ እኔም እንደዚያው ነው ብዬ ራሴን አሞኘሁ። አርባው ደረሰ፣ አባ ተገኘ መጥተው ለጸሎት ተነሱና «በማን ስም ነው?» አሉ። እትዬ አንገታቸውን ደፍተው «ወልደ ሩፋኤል» አሉ። የሞላ የክርስትና ስም ነው። አባ ቀና ብለው እናቲቱን አዩ፣ ልጁን አዩ፣ ከዚያ «ነፍሱን ይማርልን» አሉ። አጠገቤ ጠላ ይዞ የተቀመጠው ሞላ ከሁላችንም ዘግይቶ «አሜን» አለ።

ሰኔ ላይ ትምህርት ሲዘጋ ጎንደር ለመዛወር አመልክቼ ወጣሁ። ሻንጣዬን እስከ አውቶቡሱ የተሸከመልኝ እሱ ነው፣ ደግ ልጅ ነበር፣ ይህን ልመሰክርለት ይገባል። አስጭኖልኝ ሲያበቃ በመስኮቱ ተጠጋና ድምፁን ዝቅ አድርጎ «መምህርት፣ እናቴ ፊቴን ባየች ቁጥር ዞር ብላ ታለቅሳለች» አለኝ። «እርስዎ ያውቁ ይሆናል፣ የምታለቅሰው ለማን ነው?»

አውቶቡሱ ተነሳ። ወደ ዳባት የሚወስደው መታጠፊያ እስኪሰውረው ድረስ እዚያው ቆሞ ያየኝ ነበር።