የቀይ ክሩ ቋጠሮ

ኢንስፔክተር የትምወርቅ ሞላሌ ስትደርስ የባና ብርድ ልብስ ሠሪዎች ማኅበር ሊቀመንበር የመኳንንት ሬሳ ገና ከማድረቂያው ክፍል አልወጣም ነበር። ቀኝ እጁ ወደ ማሞቂያው ሽቦ እንደተዘረጋ ቀርቷል፤ በጣቶቹ መሃል ትንሽ የበግ ጠጉር አለ። ጉሙ በተከፈተው በር ገብቶ እግሩ ሥር ተኝቷል። የኤሌክትሪክ ኃይሉ ከቆጣሪው ተቋርጦ ቤቱ ጭር ብሏል።

ሳጅኑ ካቴናውን ይዞ ወደ ወጣቷ ቴክኒሻን ወደ ትሕትና አመለከተ። «የገደለው ይኼ ዕቃ ነው። ዕቃውን የሠራችው ደግሞ እሷ ናት።»

ትሕትና ከተደገፈችው ግድግዳ ተላቀቀች። «የክፍሉ ሙቀት ሠላሳ አምስት ዲግሪ ሲደርስ ማሞቂያውን ራሱ ያጠፋል፣ ሲቀዘቅዝ ራሱ ያበራል። ጋሽ መኳንንት ማታ ስፒናውን ይሰኩና ጠዋት ጠዋት ዕቃው ላይ ያለችው መብራት ስትጠፋ፣ ሽቦው በረድ ሲል፣ የወደቀበትን ጠጉር ይለቅሙ ነበር። ይኼን የማያውቅ የለም።»

«ታዲያ ጠፍቶ ሳለ እንዴት ገደለ?» አለች የትምወርቅ።

«ስፒናው ተገልብጦ ከተሰካ ነዋ! ቦይን ከአናቱ ከዘጉት ይደርቃል። ከጭራው ከዘጉት ግን ውሃው እውስጡ ተኝቶ ይጠብቃል። ኤሌክትሪኩም እንደዚያው ነው። ለዚህ ብዬ ስፒናው ውስጥ ከሚገቡት ሁለት ሽቦዎች በአንዱ ላይ ቀይ ክር አሰርኩ፤ ግድግዳው ላይ ካለው ቀይ ቀለም ጋር ሳይገጥም እንዳትሰኩ ብዬ ለሁሉም ነገርኩ።»

የትምወርቅ ጎንበስ አለች። ክሩና ቀለሙ ገጥመዋል።

«በቃ፣ የተሳሳትኩት እኔ ነኝ ማለት ነው» አለች ትሕትና፤ ፊቷ አመድ መሰለ።

የትምወርቅ ወደ ሽቦዎቹ ይበልጥ ተጠጋች። ክር ባልታሰረበት ሽቦ ላይ ቀጭን የቀይ ቀለም ቅሪት አይታለች። ቋጠሮውን ደግሞ ከሁሉም አብልጣ አየችው፤ ጤፍ አክሏል፣ ትርፍ ጫፍም የለውም።

ከሟቹ ሌላ ወደዚያ ክፍል የሚገቡት ሦስት ሰዎች ብቻ ነበሩ። አንድ በአንድ ጠራቻቸው፤ ለእያንዳንዳቸውም የተበጠሰ ክር ሰጠች። «እያወጋን ይችን ቀጥሉልኝ።»

ትሕትና ደጋግማ አሰረችው፤ ቋጠሮው ሽንብራ አከለ።

ሬሳውን ያገኙት ፈታይዋ እማማ አስካለ ማርያም «መብራቷ ጠፍታ ነበር ልጄ፣ በእመቤቴ!» እያሉ ሁለቱን ጫፎች ፈታ አድርገው፣ በምራቃቸው አርሰው፣ ጉልበታቸው ላይ አሹት። ክሩ ያለ ቋጠሮ ተቀጠለ።

ሸማኔው ዓምደ ሚካኤል ብዙ ተናገረ። «መኳንንት የሽመና ዕቃህን አውጣ፣ ማሽን ላስገባ ነው አለኝ። የአባቴን ዕቃ! አዘንኩበት፤ ሆኖም ሞቱን አልተመኘሁም።» ይኼን ሲል ጣቶቹ ክሩን ቋጠሩ፣ ጥርሱ ትርፉን ቀነጠበ። አንዴም ወደ እጁ አላየም።

የትምወርቅ ሁሉንም ማድረቂያው ክፍል ሰበሰበች። «መኳንንት ስፒናውን የሰካው እንደታዘዘው ነው፤ የተዛወረው ምልክቱ ነው። ክሩ መጀመሪያ የነበረበት ሽቦ የክሩን ቀለም ይዟል። አንድ ሰው ፈትቶ ወደ ሌላው ሽቦ ወሰደውና እንደገና ቋጠረው። ትሕትና እንዲህ አትቋጥርም። እማማ ጭራሽ አይቋጥሩም።» ሦስተኛውን ክር ከስፒናው አጠገብ ያዘችው። ሁለቱ ቋጠሮዎች አንድ ነበሩ።

ሸማኔው ጣቶቹን አያቸው። «ማሽን ሰው ገደለ ከተባለ፣ እዚህ ቤት ማሽን አይገባም ብዬ ነው።»

«እኔስ ጋሼ?» አለች ትሕትና። «ነፍሰ ገዳይ ተብዬ ልኖር ኖሯል?»

ሸማኔው ሁለት እጆቹን ለሳጅኑ ዘረጋ። ለእሷ የመጣው ካቴና እሱ እጅ ላይ ገባ።

ትሕትና እስከዚያች ሰዓት ለራሷ ስትፈራ ለሟቹ አላለቀሰችም ነበር። አሁን ከመኳንንት አጠገብ ተንበርክካ፣ የበግ ጠጉሩን ከጣቶቹ መሃል እየለቀመች አለቀሰችለት።