ሚካ ላይ ያረፈ ወርቅ

ሳጥኑ ዘንቢሉ ውስጥ ከኮረሪማው ሥር ነው።

ሄርሜላ ዘንቢሏን አንጠልጥላ የቦንጋን ገበያ አቋረጠች። ማር የምትገዛ መስላ ቆመችና ወደኋላዋ ቃኘች።

የሚከተላት የለም።

ሄርሜላ የሽፋን ስሟ ነው። ከተማው የሚያውቃት የዶክተር ሰብሃት የላቦራቶሪ ረዳት ሆና ነው። ለደኅንነት መሥሪያ ቤቱ ግን «ጉሬዛ» ናት።

ሳጥኑ ውስጥ ስስ የሚካ ድንጋይ አለ፤ በላዩ ከፀጉር እጅግ የቀጠነ የወርቅ ሽፋን አርፎበታል። ሰብሃት አየር በሌለበት ዕቃ ውስጥ ወርቁን በሙቀት ወደ ትነት ይለውጥና በጋለው ሚካ ላይ ቀስ በቀስ ያሳርፈዋል። የቦንጋ እርጥበት ስንቱን አቆርፍዶበታል። እንደ መስተዋት ለስልሶ የወጣለት ይኼ ብቻ ነው። ወባን ከአንዲት ጠብታ ደም ለሚለይ መሣሪያ አስቦታል።

«ለውጭ ኩባንያ ሊሸጠው ነው። ማስረጃውን አምጪልኝ» ብሏት ነበር አለቃዋ እስክንድር። ሰብሃትን ዛሬ ጠዋት ፖሊስ ወሰደው።

በእሷ ሪፖርት።

ነጭ ፒክአፕ ወደ ዋጫ በሚወስደው መንገድ ዳር ቆሟል። እስክንድር መስኮቱን ዝቅ አደረገ።

«ኮረሪማው ደርቋል?»

«ፀሐይ አላገኘም።»

የይለፍ ቃሉ ልክ ነው። ያኔ አጠገቡ የተቀመጠውን ሰው አየችው። አምባው። የውጭው ኩባንያ ወኪል። ባለፈው ወር ሰብሃት ከላቦራቶሪው ያባረረው ሰው።

እጇ ኪሷ ገባ። ስልኩን ዳብሳ ለመሥሪያ ቤቱ ተረኛ ኃላፊ ለበላይነሽ ደወለች።

«ዶክተሩ ይኼን ሰውዬ እንዳባረረው ጽፌልዎት ነበር፣ አቶ እስክንድር።»

«አንብቤዋለሁ።»

«ታዲያ?»

«ከሪፖርትሽ ቆርጬ አወጣሁት። ሳጥኑን ስጪኝ።»

አምባው ጓንት አጠለቀ። የእስክንድር እጅ ጃኬቱ ውስጥ ገባ።

ሽጉጥ።

ክዳኑን ከፈተች። አውራ ጣቷን ወርቁ ላይ ጫነችና ከዳር እስከ ዳር ጎተተችው።

«አለቀ፤ ከእንግዲህ አይረባም» አለ አምባው በዝግታ።

«ምን እንዳደረግሽ ገብቶሻል?» አለ እስክንድር።

ስልኩን አውጥታ አሳየችው። «በላይነሽ እየሰማችን ነው።»

እጁን ባዶውን አወጣ። መኪናውን አስነስቶ ሸሸ፤ ጅማ ሳይደርሱ ግን ሁለቱም ተያዙ።

ከሰዓት በኋላ በላይነሽ ደወለች። «ጥሩ ሠርተሻል። ዕቃው ከአገር አልወጣም።»

«ዶክተሩስ? መቼ ይለቀቃል?»

«አይለቀቅም። ክሱ የቆመው በሪፖርትሽ ላይ ነው። ሐሰት ነበር ካልን የእስክንድርም የእኛም ጉድ አደባባይ ይወጣል።»

«እኔ ልመስክር።»

«አንቺማ በመዝገብ የለሽም።»

ሰብሃት ምሳውን ሳያካፍላት በልቶ የማያውቅ ሰው ነው። ስልኩን ዘግታ ሚኒባስ ተሳፈረች።

ከወራት በኋላ፣ ሌላ ከተማ፣ አንድ መድኃኒት ቤት ውስጥ ሬዲዮው ስለ ሰብሃት ተናገረ። የአገር ሀብት ለባዕድ ሊሸጥ ሲል ተይዞ ሰባት ዓመት ተፈርዶበታል።

ባለመድኃኒት ቤቷ እትዬ ታንጉት ራሷን ነቀነቀች። «አገር ያጠፋው እንዲህ ያለ የተማረ ሌባ ነው፤ አይደል ኮከብ?»

«አዎ፣ እትዬ» አለች ቦንጋ ላይ ሄርሜላ የነበረችው ኮከብ፣ የወባውን ኪኒን መደርደሪያው ላይ እየደረደረች።