የሰባት ቁጥር ጓጉንቸር

ቴክኒሻኑ ፊልሞን ከሰባት ቁጥር የኤሌክትሪክ ሳጥን ሥር በጀርባው ወድቋል። ሳጥኑ ክፍት ነው፤ የቀኝ መዳፉ ተቃጥሏል፤ ቀበቶው ላይ ያለው የቴስተር፣ የኃይል መለኪያው፣ ማኅደር ባዶ ነው። ከሀዋሳ ወጣ ብሎ ባለው የሶላር ጣቢያ የረፋዱ ጸሐይ ፓነሎቹ ላይ ያንጸባርቃል።

ዘበኛው ጋሽ ምንያህል ሬሳውን ጋቢያቸውን አልብሰው አጠገቡ ቆመዋል።

«የነካው ሰው አለ?» አለች ኢንስፔክተር ታቢታ።

«ካገኘሁት ጀምሮ ንቅንቅ አላልኩም። ኃላፊው ኢንጂነር ክብሩ መጥቶ ‹ይሂዱ ውሃ ይጠጡ፣ እኔ እቆማለሁ› አለኝ። ሬሳ ጥሎ መሄድ አለ እንዴ? እምቢ አልኩት።»

ግድግዳው ላይ የየሳጥኑ ማጥፊያዎች በቁጥር ተደርድረዋል። በዚህ ጣቢያ የሚሠራ ሰው ያጠፋውን በራሱ ጓጉንቸር ይቆልፋል፤ ቁልፉን ማንም አይነካበትም። «7» የሚለው ማጥፊያ የፊልሞን ቀይ ጓጉንቸር ተቆልፎበታል። ቁልፉ ከሟቹ ኪስ ተገኘ።

የመቆጣጠሪያ ክፍሉ ባለሙያ ብሌን የቃል ኪዳን ቀለበቷን እያዞረች ታለቅሳለች። ከፋሲካ በኋላ ከፊልሞን ጋር ልትጋባ ነበር።

«ክብሩ ‹ጥፋቱ ያንቺ ነው› አለኝ። ያስሩኛል?»

«ከዚህ ወደ ሳጥኑ ኃይል ልከሻል?»

«በምን? ከተማው ከሦስት ሰዓት ጀምሮ መብራት የለውም። ፓነሉን ግን ጸሐይ እስካለ ማንም አያጠፋውም። ከሳጥኑ የሚለየው ያ ማጥፊያ ብቻ ነው።»

«ፊልሞን ከሰው ተጣልቶ ነበር?»

«ጠብ አይባልም። የከተማው መብራት ሲጠፋ ጣቢያችን ወዲያው ከመስመሩ መነጠል አለበት፤ አለዚያ መስመር የሚጠግን ሰው ይሞታል። ይህን የሚያደርገው መሣሪያ በፈተናው ወደቀ። ፊልሞን የማገናኛ ቅጹን አልፈርምም አለ። ክብሩ ደግሞ ቅዳሜ ጣቢያውን ከከተማው መስመር እናገናኛለን ብሎ ለአለቆቹ ቃል ገብቷል። ግን እኮ ሚዜያችን ነው!»

ክብሩ ዓይኑ ቀልቷል።

«ጠዋት ሳጥኑን ሳይከፍት ተለያየን። አሳዛኝ ስህተት ነው፤ ሰባት ላይ እየሠራ ጓጉንቸሩን ስምንት ላይ ቆለፈው። ብሌን በሬዲዮ ማጣራት ነበረባት።»

ታቢታ ጻፈች። የማጥፊያውን ገመድ በጣቷ እየተከተለች እስከ ጫፉ ሄደች። ከዚያ መኪናዎቹን አስፈትሻ ሁሉንም ግድግዳው ፊት ሰበሰበቻቸው።

«ጋሽ ምንያህል፣ ጓጉንቸሩ ያለበትን ቁጥር ያንብቡልኝ።»

«ሰባት።»

«ብሌን?»

«ሰባት።»

«እኔም ሰባት ነው ያነበብኩት። ስምንት ያለኝ አንድ ሰው ብቻ ነው።»

ታቢታ ጣቷን ገመዱ ላይ አሳረፈች።

«ገመዱ ግን በእርግጥም ወደ ስምንት ሳጥን ነው የሚሄደው። የሁለቱም ማጥፊያዎች የቁጥር ሰሌዳ ብሎኖች በቅርቡ ተፍቀዋል። ቁጥሮቹ ተለዋውጠዋል፤ ፊልሞን አልተሳሳተም። ይህን ሊያውቅ የሚችለው የለዋወጣቸው ሰው ነው። በኋላ ወደየቦታቸው ሊመልሳቸው አሰበ፤ ጋሽ ምንያህል ግን ሬሳውን ጥለው አልሄዱለትም።»

«ፊልሞን ሳይለካ አይነካም! ሁሉም ያውቃል!»

«አዎ። ቴስተሩ ግን ከመኪናዎ ወንበር ሥር ተገኝቷል። ‹ሳይከፍት ተለያየን› አሉ እንጂ ሳጥኑ ሲከፈት እዚሁ ነበሩ። ቴስተሩን ተቀብለው ለኩለት፤ ኃይል የለም አሉት። በእርስዎ ቃል ነካው።»

ብሌን ወደ ክብሩ ዞረች። አልጮኸችም።

«ሥራ ያስተማርከው አንተ ነህ። ‹ሌላው የለካውን አትመን› ትለው ነበር። እሱ ደግሞ ‹የክብሩ እጅ የኔ እጅ ነው› ይለኝ ነበር።»

«ቅዳሜን ብቻ እንዲያሳልፍልኝ ለምኜው ነበር» አለ ክብሩ፣ መሬት መሬት እያየ።

ሲወስዱት ብሌን አላየችውም። ወደ ክፍሏ ተመልሳ ፊልሞን ያልፈረመበትን የማገናኛ ቅጽ አወጣች። በባዶው መስመር ላይ «አይገናኝም» ብላ ጻፈች፤ ከሥሩ በራሷ ስም ፈረመች።