በቀትር ሰርቨሩን ማን ሞላው?

ጂን፣ ዛር፣ የቀትር ጋኔን ሲሉኝ ከት ብዬ የምስቅ ሰው ነኝ፣ ዛሬም እስቃለሁ፣ ብቻ ይቺን አንዷን ነገር ሳወራ ሳቄ አልመጣ ይለኛል።

በኢሕአዴግ ጊዜ ነው፣ ኮምፒውተር በየወረዳው ብርቅ መሆኑ እየቀረ ሲመጣ፣ ሸዋ ሮቢት ተማሪ ለፈተና በሚመዘገብበት አንድ መሥሪያ ቤት የኮምፒውተር ባለሙያ ነበርኩ። ባለሙያ ስላችሁ ደግሞ እንዲያው ለወሬ አይደለም፣ ከደብረ ሲና ጀምሮ እስከ ቆላው ድረስ ማሽን ሲታመም የሚጠራው እኔ ነበርኩ። የምጠብቀው ሰርቨር የሠራተኛውን ሁሉ ስምና የይለፍ ቃል የያዘ ነው፤ ማንም ሰው ኮምፒውተር ሲከፍት ማሽኑ ሰርቨሩን "ይህን ሰው ታውቀዋለህ?" ብሎ ይጠይቃል፣ ሰርቨሩ ዝም ካለ ቢሮው በሙሉ ሥራ ፈት ነው።

ታዲያ የአሥረኛ ክፍል ፈተና ምዝገባ በሚዘጋበት ቀን ዝም አለ። ሜሞሪው ጢም ብሎ ሞልቶ አዲስ ግንኙነት አልቀበልም አለ፣ ግቢው ከቀወት ወረዳ ገጠሮች በመጡ ተማሪዎች ተጨናንቋል፣ ያን ቀን ያልተመዘገበ ልጅ ዓመቱን ቁጭ ብሎ ሊጠብቅ ነው። የዘበኛችን የጋሽ ሰይድ ልጅ ዘሀራም ከመካከላቸው ናት። ኃላፊው "ከደብረ ብርሃን ሰው እናስመጣ" ሲሉ ደሜ ፈላ።

"እኔ እያለሁ?" አልኩ፣ "ከምሳ ስትመለሱ ይሠራል።"

የሸዋ ሮቢትን ቀትር የቀመሰ ያውቀዋል፣ ሰው ሁሉ ጥላ ፍለጋ ይበተናል። ጋሽ ሰይድም እንደ ልማዱ፣ ሽቦ ግሎ እሳት እንዳያስነሳ ብሎ፣ ከሰርቨሩ ክፍል በቀር የቢሮዎቹን መብራት ከቆጣሪው አጠፋ።

"ልጄ፣ በቀትር ባዶ ቤት ብቻን አይቀመጥም" አለኝ።

"ጋሼ፣ ምን ብቻዬን ነኝ፣ ከማሽኔ ጋር ነኝ" አልኩት እየሳቅሁ።

እንግዲህ ልብ በሉ፣ ኮምፒውተሮቹ ሁሉ ጠፍተዋል። እኔም ለጥንቃቄ የኔትወርኩን ገመድ ከሰርቨሩ ነቀልኩና ፕሮግራሙን እንደ አዲስ አስነሳሁት፣ ስክሪኑ ላይ ሰርቨሩን የያዙት ግንኙነቶች ቁጥር ዜሮ ሆነ፣ መሆንም ያለበት እሱ ነው። ከዚያ አንድ ሆነ። ዓይኔን አሸሁ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ እመኑኝ ገመዱ እጄ ላይ ነው፣ ቁጥሩ ይወጣል፣ ሜሞሪውም ይሞላል። ያኔ ነው ከተቆለፈው የምዝገባ አዳራሽ ቀጭ፣ ቀጭ የሚል ድምፅ የሰማሁት፣ ሰው ረጋ ብሎ ኪቦርድ ሲመታ እንደሚሰማው ዓይነት፣ ድምፁ ቀጭ ባለ ቁጥር ስክሪኔ ላይ ያለው ቁጥር በአንድ ይጨምራል።

ጋሽ ሰይድን ጠራሁት፣ እሱም ሰማ። በሩን ክፈተው ስለው እምቢ አለኝ፣ ይልቅ ጫማውን አውልቆ ወደ አዳራሹ በር ቀረበና፣ ታላቅ ሰው ፊት እንደቆመ ዝቅ ብሎ፣

"እባክዎ አባቴ፣ ቀትሩ ያንቱ ነው፣ አናውቅም አንልም፣ ግን የልጆች ጉዳይ ነውና ይልቀቁልን" አለ።

ድምፁ ቆመ። ሮጬ ስመለስ ቁጥሩ እየወረደ ነበር፣ ወርዶ ወርዶ ዜሮ ላይ አረፈ።

ፕሮግራሙን እንደ አዲስ ከማስነሳት በቀር እስከዚያ ድረስ አንድ ፊደል አልነካሁም፣ ይህን አልዋሽም። ግን እጄን አጣጥፌም አልቀረሁ፤ የምዝገባው ፕሮግራም ለእያንዳንዱ ተማሪ ግንኙነት እየከፈተ እንደማይዘጋ ደረስኩበት፣ ሥራ የፈታ ግንኙነት ወዲያው እንዲቆረጥ አዘዝኩ፣ ገመዱን መልሼ ሰካሁ። ከሰዓት በኋላ ሰርቨሩ አንዴም አልተደናቀፈም፣ እስከ መጨረሻው ተማሪ ተመዘገበ፣ ዘሀራም ተመዘገበች። ኃላፊው በሠራተኛው ሁሉ ፊት "ደብረ ብርሃን ምን ያደርግልናል!" ብለው ትከሻዬን መታ መታ አደረጉኝ፣ ደረቴ ተነፋ፣ ለምን አይነፋ?

ሊመሽ ሲል ጋሽ ሰይድ ከጓሮው የቆረጣትን ብስል ፓፓያ በሁለት እጁ ይዞ ብቅ አለ። ልጁን ያስመዘገበለትን ሰው ሊያመሰግን ነው ብዬ "ጋሼ፣ ምን አስቸገረህ" እያልኩ ተነሥቼ እጄን ዘረጋሁ። አልፎኝ ሄደ። ፓፓያዋን ከአዳራሹ በር ሥር አስቀመጣት፣ "አላህ ይስጥልን" ብሎ ወደ ኋላው እያፈገፈገ ተመለሰ።

የአዳራሹ በር ያለበትን ኮሪደር የቆለፍኩት እኔ ነኝ፣ ቁልፉም እኔ ጋ አደረ። ጠዋት አብረን ስንከፍት ፓፓያዋ የለችም። "ወላሂ አልነካኋትም" አለኝ ጋሽ ሰይድ፣ ከመማሉ በላይ ደግሞ አለመገረሙ አናደደኝ። ሰርቨሩን ያዳንኩት እኔ ነኝ፣ ሌላው ቢቀር ፓፓያዋ ለሁለት መከፈል ነበረባት እላለሁ፣ ግን ጮክ ብዬ አልልም።