ዱዓው ሳይዘጋ

«ማንጎው ከየት ነው?»

«ከግራና ነው። ግን ገና አልበሰለም።»

ቢኒያም ዞር አላለም። በስሏል ብትለው ኖሮ መንገዱ ሰላም ነበር። አልበሰለም ማለት የሚከተላቸው ሰው አለ ማለት ነው።

የመርሳ ገበያ ከአፍ እስከ ገደፉ ሞልቷል። ነኢማ ከክምሩ ላይ አንድ ማንጎ አንስታ እያገላበጠች በዓይኗ ወደ ኋላዋ ጠቆመችው። ቀይ ሞተር ሳይክል። ጥቁር የቆዳ ጃኬት። በዚህ የመርሳ ሙቀት ጃኬት! ሰው ሲሰልል ትንሽ እንኳ አያፍርም እንዴ?

ከጎኗ ጋቢያቸውን ተከናንበው የቆሙት ሽማግሌ ሼህ አብዱልሐሊም ናቸው። አበጋር ናቸው፤ ደም የተቃባ ሰው አስታርቀው ደም የሚያደርቁ። ግራና አካባቢ ሁለት መንደሮች፣ የላይኞቹና የታችኞቹ፣ ሲጋደሉ ከርመዋል። ለሁለቱም ጥይት የሸጠላቸው አንድ ሰው ነው። ያንን ሰው በዓይናቸው አይተው፣ አፍ አውጥተው ለመናገር የደፈሩት እሳቸው ብቻ ናቸው። ዛሬ በእርቁ ዱዓ ላይ፣ በሁለቱም መንደር ፊት ሊናገሩ ነው። በሕይወት ከደረሱ።

«አይስጉ አባቴ፣ እኔ አለሁ» አላቸው ቢኒያም።

«እኔስ ከአሏህ ጋር ነኝ፤ አንተ ና ተጠጋን» አሉት ሼሁ፣ ፈገግ ብለው።

ነኢማ ሳቀች። እሷ የምታውቀው ቢኒያም የፖለቲካ ሳይንስ ተመራማሪ ነው። «ግጭት፣ አስተዳደርና ዜግነት በሀብሩ ወረዳ» የሚል ጥናት ይዞ መጣ፤ ተመርቃ ወልድያ ላይ ሥራ ስትፈልግ የከረመችውን ልጅ ረዳቴ ሁኚ አላት። ለእሱ ሽፋን ነው። እሷ ግን የምሯን ይዛዋለች። በየቤቱ እየገባች፣ «መንግሥት ሲባሉ መጀመሪያ ማን ይመጣብዎታል?» ብላ ትጠይቃለች። አንዲት ባልቴት «ክላሽ የያዘ» ብለው ሲመልሱላት ስታለቅስ አደረች። የማንጎውንም ኮድ ያወጣችው ራሷ ናት፤ ሼሁን ላስጠብቃቸው ብላ። የቀጠራት ሰው መሥሪያ ቤቱ «ዋንዛ» እያለ የሚጠራው ሰላይ መሆኑን ግን አታውቅም፤ ምኗም ሞኝ አልነበረም፣ አመነችው እንጂ።

«ይዘሻቸው ሂጂ» አላት። «እኔ እደርሳለሁ።»

«ሰውየውስ?»

«ላነጋግረው።»

ባጃጁ ተነሳ። ሞተሩም ተነሳ።

ባጃጁ ወደ ግራና መታጠፊያውን ሲይዝ፣ ቢኒያም ብርቱካን ከጫነ አይሱዙ ጀርባ ብቅ ብሎ ባዶ የፍራፍሬ ሣጥን በሞተሩ ጎማ ሥር ወረወረ። ባለጃኬቱ ተወርውሮ በፊቱ ወደቀ። ቢኒያም በኮሌታው ጎትቶ ከመኪናው ኋላ አስገባው። ሰውየው ወደ ወገቡ እጁን ላከ። ቢኒያም እጁን በጫማው ረገጠው።

ጣቶቹ ሲሰበሩ ተሰማ።

«ማን ላከህ?»

«እንዴ! አብረን እኮ ነን!» አለ ሰውየው ደም እየተፋ። «አልነገረህም? አብረን ነን!»

ሊሞት የደረሰ ሰው የማይለው የለም፤ ቢኒያም ይህን ለምዶታል። ጆሮ ዳባ ልበስ ብሎ በሽጉጡ እጀታ ማጅራቱን መታው። ሰውየው ዝም አለ። ምነው አንድ ቃል እንኳ ቢያስጨርሰው ኖሮ!

*

ግራና ሲደርስ ሰዉ ለዱዓው የተጣለው ዳስ ውስጥ ገብቷል። ከዳሱ ፊት ለፊት ትልቅ ዋርካ አለ፤ በቅርንጫፎቹ ላይ ክላሽ ተሰቅሏል፣ የላይኞቹ በአንድ ወገን፣ የታችኞቹ በሌላው። በዚህ አገር ወደ እርቅ ዱዓ ብረት ይዞ የሚገባ የለም። ዱዓው ተከፍቶ እስኪዘጋ ድረስ የተሰቀለውን የሚነካም የለም። ከተሰቀሉት አንዱ ቢተኮስ እርቁን ያፈረሰው የዚያ ብረት መንደር ነው፤ ደሙ እንደ አዲስ ይጀመራል። ይህን ሕፃኑም ያውቀዋል።

ዋርካው ሥር መኪናውን አቁሞ ውስጡ የተቀመጠው አማረ ነው። ለነኢማ ጋሽ አማረ የጥናቱ ሹፌር ነው። ለቢኒያም ደግሞ «ግራር»፣ አለቃው። መልምሎ ያሰለጠነው፣ ሼሁን ፈልገህ አምጣ ብሎ ያሰማራው እሱ ነው።

«ብረትህን» አለ አማረ።

«ጃኬት የለበሰ ተከትሎን ነበር።»

«ሰማሁ። እሱ ብቻ ነው። ግባ።»

«ሳልሰጥህ ብገባስ?»

«ቢያገኙብህ እርቁ ፈረሰ። የሽማግሌውንም አፍ ትዘጋዋለህ። ስጠኝና ግባ አቦ፣ እኔ እጠብቀዋለሁ።»

ከማን እንደሰማ አልጠየቀውም። ስንት ዓመት ያመኑትን ሰው ማን ይጠይቃል? ሽጉጡን ሰጠው። አማረ ትንሿ ጣት በጎደለችው ግራ እጁ ተቀብሎ ወረደና ዝቅ ካለው ቅርንጫፍ ላይ ሰቀለው።

ዳሱ ውስጥ ወንዶቹ በአንድ በኩል፣ ሴቶቹ በሌላ በኩል ተቀምጠዋል። ነኢማ ከሴቶቹ ፊት ሆና እንኳን ደረስክ በሚል ዓይን አየችው። ጫቱ ታድሏል። ሼህ አብዱልሐሊም ከዘራቸውን ከጎናቸው አጋድመው እጃቸውን ዘረጉ።

«ያ ረቢ፣ የሞተውን ማርልን።»

«አሚን!»

«የቀረውን አስታርቅልን።»

«አሚን!» እስላሙም ክርስቲያኑም እኩል መዳፉን ዘርግቷል። ልጁን የቀበረ አባት ልጁን ከገደለበት ሰው ጋር ጉልበት ለጉልበት ተነካክቶ ተቀምጧል። ቢኒያም መዳፉን ዘረጋ። የመጣበትን ረስቶ ከልቡ አሚን አለ።

«ለሁለታችንም እሳት የሸጠውን ሰው አይቼዋለሁ» አሉ ሼሁ። «ዱዓውን ስዘጋ እናገራለሁ።»

በዚህ ጊዜ ከወንዶቹ መሐል አንድ ጎልማሳ ተነሳ። ነጭ ኮፍያ፣ ሽርጥ፣ ሁሉ ነገሩ የአገሬው ነው። የላይኞቹ የታችኞቹ ዘመድ መስሏቸዋል፤ የታችኞቹም የላይኞቹ። ግን የወሎ ሰው ዱዓ ሳይዘጋ አይነሳም። ዝናብ ቢመጣ፣ ከብት ቢፈታ፣ እጁን እንደዘረጋ ይጠብቃል።

ይሄኛው ተነሳ።

ቢኒያም ነገሩ ገባው። እጁ ወደ ወገቡ ሄደ። ወገቡ ባዶ ነው።

ነኢማ ቀድማው ገብቷት ነበር። ሰውየው ከሽርጡ ውስጥ ሽጉጥ ሲመዝ «አባቴ!» ብላ ዘላ ሼሁ ላይ ወደቀችባቸው።

ሁለት ጊዜ ተኮሰ።

ሁለቱም እሷን አገኟት።

ቢኒያም የሼሁን ከዘራ አንስቶ የሰውየውን እጅ መታ። አጥንቱ ተሰበረ፤ ሽጉጡ ወደቀ። እንደገና ጉሮሮውን መታው። ሰውየው ተንበረከከ። በሦስተኛው ከዘራው ተሰበረ፣ ሰውየውም አብሮ። ወንዶቹ እየተጋፉ ወደ ዋርካው መሮጥ ጀምረዋል፤ የላይኛው የታችኛውን፣ የታችኛው የላይኛውን እየጠረጠረ። ጉድ ሊፈላ ነው!

«ማንም ብረት እንዳይነካ!» ሼሁ የነኢማን ራስ ታቅፈው ጮኹ። «ዱዓው አልተዘጋም!»

ሰዉ ባለበት ቆመ። ቢኒያም ግን ሮጦ ወጣ፤ ብረቱን ያስፈታው አማረ ነው። የየትኛውም መንደር ያልሆነውን የራሱን ሽጉጥ ከቅርንጫፉ መንጭቆ ዞረ፤ አማረ የመኪናውን በር ከፍቶ ቆሟል፣ በእጁ ሽጉጥ ይዟል።

«ጣለው!»

አማረ ሳቀ። ቢኒያም ቃታ ሳበ።

ቅጭ።

ቅጭ።

«ጥይቱን አውጥቼዋለሁ» አለ አማረ፣ ዓይኑን በጨው አጥቦ።

«ያ ባለጃኬቱ... አብረን ነን ያለኝ...»

«እውነቱን ነው። አንተ ግን መቼ ሰው ታዳምጣለህ? ሽማግሌውን ስንት ጊዜ አስፈለግኳቸው መሰለህ! ሰዉ አይጠቁም። ጥናት ነው ስትሏቸው ግን በራቸውን ከፈቱላችሁ። ያቺ ልጅ አመጣችልኝ። እግዜር ይስጣት።»

ተኮሰ። ጥይቱ የቢኒያምን ጎን ቀዶት ወጣ። ቢኒያም ዋርካው ግንድ ላይ ተደግፎ ተንሸራተተ። ከራሱ በላይ ክላሾቹ ተሰቅለዋል። ሁሉም ጎርሰዋል። እጁን ቢዘረጋ ይደርሳል።

እጁን ዘረጋ።

«አንሳው» አለ አማረ ወደ እሱ እየቀረበ። «የላይኞቹን ታነሳለህ የታችኞቹን? የማን መንደር ይቃጠል? ምረጥ እንጂ፣ ተመራማሪ አይደለህ?»

ቢኒያም የክላሹን ማንገቻ ነካ። ከዳሱ አፍ ላይ የሁለቱም መንደር ሰዎች ቆመው እጁን ያያሉ። የተኮሰው ማንም ይሁን ማን፣ የሚጠየቀው የብረቱ ባለቤት ነው። ነኢማ የሞተችለት እርቅ በእሱ ጣት ሊፈርስ ነው።

እጁን መለሰ።

ከሥሩ አንድ እፍኝ አፈር ዘገነና አማረ ዓይን ላይ በተነው። አማረ ተኮሰ፤ ክንዱን መታው። ቢኒያም አልቆመም። በጭንቅላቱ ሆዱን ገጭቶ ጣለው፤ ላዩ ላይ ወጣበት፤ በደህናው እጁ ድንጋይ አገኘ። መታው። አማረ «ልጄ» አለ። ልጄ ይላል እንዴ ደግሞ! መታው። እያለቀሰ መታው። ሰዎች ከላዩ ላይ ሲያነሱት ከአለቃው ፊት የቀረ ነገር አልነበረም ማለት ይቻላል።

ሼሁ በሁለት ሰው ተደግፈው መጡ። ጋቢያቸው በነኢማ ደም ርሷል። ሬሳው ላይ ጎንበስ ብለው ቆዩ፤ ፊቱን አይደለም፣ በግራ እጁ ላይ የጎደለውን ትንሽ ጣት አዩት።

«ይሄ ነው» አሉ። «ለእናንተም ለእነሱም የሸጠው።»

ወጣቶቹ የመኪናውን ኋላ ከፈቱ። ከላይ የነኢማ መጠይቆች በካርቶን ታሽገዋል። ከሥር የጥይት ሣጥን ተደርድሯል። ቢኒያም በዚህች መኪና ሀብሩን ዞሯል። በየመንደሩ ወርዶ «ግጭቱን የሚያባብሰው ምንድን ነው?» ብሎ ጠይቋል። መልሱን ከኋላው ጭኖ!

ሼሁ ወደ ዳሱ ተመለሱ። ነኢማን በጋቢያቸው ሸፍነው እጃቸውን ዘረጉ፤ ድምፃቸው እየተቆራረጠ ዱዓውን ዘጉ። የሁለቱም መንደር ሰው እያለቀሰ አሚን አለ። ከዚያ ከዋርካው ሥር ተቃቀፉ፤ ብረታቸውን አውርደው ጥይቱን እያራገፉ ወደየቤታቸው ለመሄድ ተሰናዱ። አንድም ክላሽ አልተተኮሰም።

*

ስልኩ ጠራ። የማያውቀው ድምፅ ነው።

«ዋንዛ?»

«ግራር ከድቷል። ሞቷል።»

«ሽማግሌውስ?»

«ተርፈዋል። እርቁም ሆኗል። ረዳቴ...»

«ተመራማሪ ቢኒያም የሚባል ሰው ከአሁን ጀምሮ የለም። ቀብር ላይ እንዳትታይ። ውጣ።»

ቁስሉን ያሰሩለት የነኢማ እናት ናቸው። ልጃቸው ተገንዛ ቤት ውስጥ ተኝታ፣ እሳቸው የእሱን ጎን በነጠላ ይጠቀልላሉ። «አብሽር ልጄ፣ አብሽር» ይሉታል። እሱን የሚያጽናኑት እሳቸው ናቸው! መሬት ተከፍታ ብትውጠው በወደደ።

ጀናዛው ሊወጣ ሲል ሼህ አብዱልሐሊም ወደ ጓሮ ጠሩት።

«አትቆይም፤ አውቄብሃለሁ» አሉት። «ከእሷ ጋር በዱዓ ላነሳህ እፈልጋለሁ። ስምህ ማነው?»

«ቢኒያም።»

«እሱን ተወው። የውሸት ስም ይዤ ጌታዬ ፊት አልቀርብም። እናትህ ያወጡልህ ማነው?»

አፉን ከፈተ። ስሙ ጉሮሮው ላይ መጣ። እናቱ በዚያ ስም ጠርታው የምታውቅበት ድምፅ ሳይቀር መጣ። ቢናገር የሚሰማቸው ሰው አልነበረም።

«አልችልም አባቴ።»

ሼሁ አልተቆጡም።

«እንግዲያው አንተን ያ እንግዳ ብዬ አነሳሃለሁ» አሉ። «ነኢማን ግን በስሟ።»

ቢኒያም በጓሮ በር ወጣ። ከኋላው «ላ ኢላሃ ኢለሏህ» እያለ ጀናዛውን የተሸከመው ሕዝብ ወጣ፤ ቃሬዛውን ከፊት የላይኞቹ፣ ከኋላ የታችኞቹ ይዘውታል። እሱ በመስኖ ቦዩ ዳር እየተደናቀፈ እስከ መርሳ በእግሩ ሄደ። እዚያ ደሴ የሚል ሚኒባስ አገኘና ከኋላ ወንበር ገባ። ክንዱን በጋቢ ሸፈነው።

«ለቅሶ ነበር እንዴ?» አሉት አጠገቡ የተቀመጡ ሴትዮ፣ ዓይኑን አይተው።

«አዎ፣ እናቴ ሞታ» ብሎ ዋሸ።

«ነፍስ ይማር። ማን ይባላሉ?»

«ነኢማ» አለ። ሴትዮዋ እስኪደነግጡ ድረስ፣ ሰው ሁሉ እስኪዞር ድረስ ጮክ ብሎ ነበር የተናገረው።