ጨረቃን የለካ ጧፍ

«አሁንስ እኩል ሆኑ?» አለች ሽታዬ፣ የበራውን ጧፍ እንደያዘች ወደ ኋላ እያፈገፈገች።

«የጧፉ ጥላ ገና ይጠቁራል። ትንሽ ራቂ» አለ ወንድሟ ፈንታ በሩ አጠገብ ከተጋደመበት።

ግድግዳው ላይ ነጭ ነጠላ ተዘርግቷል። ከፊቱ የተተከለው ዱላ ሁለት ጥላ ይጥልበታል፤ አንዱን ከጨረቃ፣ አንዱን ከጧፉ። ጥላዎቹ እኩል እንዲጠቁሩ ጧፉ ብዙ መራቅ ካስፈለገው፣ ጨረቃዋ ደካማ ናት ማለት ነው። ፈንታ ይህን የተማረው ጣሊያን ከመግባቱ በፊት፣ ደብረ ማርቆስ ተማሪ ቤት ሳለ ነው። አሁን ጭኑን በጥይት ተመቶ መናገር እንኳ ይደክመዋል።

«በቃ፣ እኩል ናቸው» አለ ፈንታ።

ሽታዬ የቆመችበት ላይ ድንጋይ አስቀመጠች። ጨረቃ ሙሉ በነበረችበት ምሽት ያስቀመጠችው ድንጋይ ዱላው አጠገብ ነው። የዛሬው፣ የግማሽ ጨረቃው፣ አጥሩ ሥር ደርሷል።

«ግማሽ ጨረቃ የሙሉዋን ግማሽ የምታበራ መስሎኝ» አሉ እንዳላማው። ፈንታን በቃሬዛ ሊወስዱ ከሦስት አርበኞች ጋር የመጡ ጎልማሳ ናቸው።

«በጣም ያንሳል፣ አያ» አለች ሽታዬ። «ጨረቃ እንደ ታረሰ ማሳ ጓል የበዛባት ናት። ፀሐይ ፊት ለፊት ስትመታት ሁሉም ያበራል፤ ከጎን ስትመታት ግን ጓሉ ሁሉ ጥላ ይጥላል።»

«እሷንም አርሰዋት ኖሯል!» አለ ያለው የሚባለው አርበኛ። ሌሎቹ ለመሳቅም አቅም አልነበራቸውም። ትናንት ሌላ ቁስለኛ ከጉንደ ወይን ተሸክመው አድረዋል።

ነገ ባንዳ ቤት ለቤት ስለሚፈትሽ ፈንታ ዛሬውኑ መውጣት አለበት። አጭሩ መንገድ በጣሊያን ምሽግ ሥር ሜዳውን ያቋርጣል። ሌላው በገደሉ በኩል ዞሮ እስኪነጋ የሚያስኬድ ነው፤ የፈንታን እግር ሲያንገጫግጭ ያድራል።

እንዳላማው ድንጋዮቹን አዩ። «ይህን ያህል ደካማ ከሆነች ከምሽጉ አያዩንም። በሜዳው እንሄዳለን።»

ሽታዬ የተረፈውን ጧፍ ልትመልስ ወደ ጓዳ ገባች።

«እማ፣ ምነው ይሄ ቶሎ አያልቅም?»

«ወፍራም ነዋ» አለች እናቷ። «የፊተኛው ስላለቀ ለመድኃኔ ዓለም የተሳልኩትን ሰጠሁሽ። ፈትሉን ደርቤ ነው የሠራሁት፤ ደህና እንዲያበራልሽ ብዬ።»

ሽታዬ ጧፉን አገላብጣ አየችው። ድንጋዩን አጥሩ ሥር ያደረሰው የጨረቃዋ ድካም ብቻ አይደለም፤ የጧፉም ብርታት ነው። ደግማ እንዳትለካ ቀጭን ጧፍ የለም።

ወደ ደጅ ተመለሰች። ፈንታ እንቅልፍ ወስዶታል። ከአርበኞቹ አንዱ ቆሎውን በእጁ እንደጨበጠ ተቀምጦ ያንቀላፋል። ዝም ብትል ማንም አያውቅም። ደግሞ ምናልባት ሜዳው እንዲያም ሆኖ ጨለማ ይሆናል። ምናልባት።

«አያ እንዳላማው።»

«ወይ፣ ልጄ።»

«ልኬቴ ተሳስቷል። ያን ጊዜ የለካሁበት ጧፍ ቀጭን ነበር፤ የዛሬው ወፍራም ነው። ጨረቃዋ ካልኳችሁ በላይ ታበራለች። ምን ያህል እንደሆነ ግን አላውቅም።»

ያለው ራሱን በሁለት እጁ ያዘ። «አንቺ ልጅ፣ ትከሻችን ምን በደለሽ?»

«ወፍራሙን ማን ሰጠሽ?» አሉ እንዳላማው።

እናቷ በሩ ላይ ቆማ በእጇ አፏን ሸፍናለች።

«አይቼ መቀበል የነበረብኝ እኔ ነኝ» አለች ሽታዬ።

እንዳላማው ዓይናቸውን አሹ። ወደ ምሽጉ አቅጣጫ ተመለከቱ። ከዚያ ጉልበታቸውን ተደግፈው ተነሡ።

«በገደሉ ነው እንግዲህ። ተነሡ፣ ወንድሞቼ።»

እሳቸውና ሁለቱ አርበኞች የቃሬዛውን ሦስት ጫፍ ያዙ። ያለው ሊነሣ ሞከረና ተመልሶ ተቀመጠ፤ የትናንቱ ሸክም የላጠው ትከሻው ደምቶ ሸሚዙን አርሶታል።

ሽታዬ መቀነቷን አጠበቀች። ወደ ባዶው ጫፍ ሄዳ ጎንበስ አለችና እንጨቱን ጨበጠች።

«እስከ ንጋት ነው» አሉ እንዳላማው።

«ሰምቻለሁ፣ አያ።»