ሂያጅና መጪ ቀስት

ተማሪዎቹ ከምሳ ተመልሰው የኬሚስትሪ ቤተ ሙከራውን በር ሲከፍቱ መምህርታቸውን ሰሌዳው ሥር ወድቀው አገኟቸው። የጠረጴዛው የብረት ጠርዝ ራሳቸውን መትቷቸዋል፤ አጠገባቸው በርጩማ ተገልብጧል፤ በጣቶቻቸው መካከል ጠመኔ አለ። ከፍ ብሎ ሰሌዳው ላይ ሁለት ባለ ስድስት ማዕዘን ሥዕሎች ይታያሉ፤ በመካከላቸውም ሁለት ቀስቶች፣ አንዱ ሂያጅ፣ አንዱ መጪ። ላየው ሁሉ ነገሩ ግልጽ ነበር፤ አሮጊቷ በርጩማ ላይ ወጥተው ሲጽፉ ሚዛናቸውን ስተዋል።

መርማሪዋ ግን ግልጽ ነገር አይዋጥላትም። የጠመኔ ብናኝ ሁለቴ አስነጠሳትና አፍንጫዋን እየጠረገች ወደ ርእሰ መምህሩ ዞረች።

«አደጋ ነው፣ ኢንስፔክተር» አሉ እሳቸው። «ጡረታ ሊወጡ ጥቂት የቀራቸው ሰው በርጩማ ላይ ምን አወጣቸው? የትምህርት ቤቱ ስም እንዳይነሣ ብቻ አደራ።»

«መጀመሪያ አስከሬኑ ይነሣ። ይህ ሥዕል ምንድን ነው?»

ርእሰ መምህሩ ዕድሜያቸውን በሙሉ ታሪክ ያስተማሩ ሰው ናቸው። መነጽራቸውን አስተካክለው «የንብ ቤት ነገር… መሰለኝ» አሉና በራሳቸው አፈሩ።

«በምሳ ሰዓት እዚህ ፎቅ ላይ ማን ቀረ?»

«የፊዚክሱ መምህርና አባባ የምንላቸው የቤተ ሙከራው ጽዳት ሠራተኛ። እኔም… ቢሮዬ ነበርኩ። ሌላው ሁሉ ታች ነበር።»

የፊዚክሱ መምህር ገና ሠላሳ ያልሞላው፣ ኮቱ የተተኮሰ፣ ንግግሩ የተመጠነ ወጣት ነው። ተማሪዎቹ «ዥዋዥዌ» ይሉታል፤ ማንኛውንም ትምህርት ከዥዋዥዌ ስለሚጀምር ነው። መርማሪዋ ኮሪደሩ ላይ አቆመችው።

«ከሟች ጋር እንዴት ነበራችሁ?»

«እንደ እናቴ ነበሩ። ዛሬ ጠዋት እንኳ አብረን ነው ያስተማርነው። ሬዞናንስን በፊዚክስ እኔ፣ በኬሚስትሪ እሳቸው።»

«ከዚያስ?»

«ከዚያማ ቢሮዬ ገብቼ ፈተና ሳርም ቆየሁ።»

በዚህ መካከል አባባ ባልዲያቸውን ይዘው በአጠገባቸው አለፉ። የወጣቱ እጅጌ ላይ የጠመኔ አቧራ አዩና ባልዲውን አስቀምጠው በመዳፋቸው ጠረጉለት። ወጣቱ እሳት እንደነካው ሰው ክንዱን ነጠቀ። ቀና ብሎ ያየው ሽማግሌውን ሳይሆን መርማሪዋን ነበር።

«ይቅርታ፣ ልማድ ሆኖብኝ ነው» አሉ አባባ አንገታቸውን ደፍተው። መርማሪዋ የሁለቱንም ፊት ልብ ብላ አየች። ሁለቱም አፍረው ነበር።

ቀጥላ የክፍሉን አለቃ አስጠራች። ዓይኗ በለቅሶ ያበጠ ልጅ ናት።

«የጠዋቱን ትምህርት እንደ ሰማሽው ንገሪኝ፣ የኔ ልጅ። እኔ ከሳይንስ ጋር ከተኳረፍኩ ቆይቻለሁ።»

«የፊዚክሱ ቲቸር ፔንዱለም ሰቀሉ። በአንድ ጣት፣ ቀስ ብለው፣ ግን ምቱን ጠብቀው ሲነኩት እየጨመረ ሄዶ ግድግዳውን መታው። ‹ትንሽ ግፊት በሰዓቱ ከመጣ ትልቁን ያናውጣል፤ ሬዞናንስ ይሄ ነው› አሉን። ከዚያ ‹የቤንዚን ሞለኪውልም ከአንዱ ቅርጽ ወደ ሌላው ዥዋዥዌ ይጫወታል› አሉ።»

«መኪና ውስጥ የሚገባው?»

«አይ፣ የኬሚስትሪው ቤንዚን ሌላ ነው፤ ሰሌዳው ላይ የተሣለው ባለ ስድስት ማዕዘኑ» ብላ ፈገግ አለች፤ ወዲያው ፈገግታዋ አሳፈራት። «እማማ ቀስት ግን አረሟቸው። ‹ስሙ ነው እንጂ አንድ የሆነው፣ የኔው አይወዛወዝም። ሁለት ቅርጽ የምንሥለው አንዱ ሥዕል ስለማይበቃን ነው፤ እሱ ሁልጊዜ አንድ ነው፣ የሁለቱ ድብልቅ። በቅሎ ጠዋት ፈረስ፣ ከሰዓት አህያ አትሆንም› አሉ። ከዚያ ለቀልድ ‹በቅሎን አባትሽ ማን ነው ቢሏት?› ሲሉን፣ ሁላችንም ‹ፈረስ አጎቴ ነው አለች!› ብለን ጮኽን። ሳቃችን ውጭ ድረስ ተሰማ። የፊዚክሱ ቲቸር ግን አልሳቁም። ፊታቸው ጠቁሮ ደወል ሳይደወል ወጡ።»

«እማማ ቀስት የምትሏቸው ለምንድን ነው?»

«ቀስት ላሳሳተ ምሕረት የላቸውም። እኛ ክፍል በቀስት ዜሮ ያላገኘ የለም።»

«ትክክለኛውን ሣዪልኝ።»

ልጅቷ መዳፏ ላይ በእስክሪብቶ ሣለች። መርማሪዋ አየችው፣ በተከፈተው በር በኩል ከሰሌዳው ጋር አስተያየችው፣ ከዚያ የልጅቷን መዳፍ በእጇ ከደነችው።

አስከሬኑ ከተነሣ በኋላ ሦስቱን ሰዎች ቤተ ሙከራው ውስጥ ሰበሰበቻቸው። የክፍል አለቃዋም በሩ ጋ እንድትቆም ነገረቻት።

«ይህ አደጋ አይደለም» አለች። «ሴትዮዋ ተገፍተው ነው የሞቱት። በርጩማው፣ ጠመኔውና ሥዕሉ በኋላ የመጡ ናቸው።»

ወዲያው አባባ ብድግ አሉ። «እኔ ነኝ፣ እመቤቴ። ዕቃ በደንብ አላጠብክም ብለው ተቆጡኝ፤ ገፋኋቸው። እሰሩኝ።»

ርእሰ መምህሩ በረጅሙ ተነፈሱ። ከመምህር ይልቅ ጽዳት ሠራተኛ ቢሆን ለትምህርት ቤቱ ይሻል ነበርና፣ ይህን በማሰባቸው ጆሯቸው ቀላ። መርማሪዋ የፊዚክሱን መምህር አየች። ጫማውን ያያል። አንድ ቃል አልወጣውም። ስንት ወንጀለኛ ያየች ሴት፣ እሱን ማየት አሳፈራትና ዓይኗን መለሰች።

«እንግዲያው አባባ፣ የሣሉትን ይድገሙልኝ» ብላ ጠመኔ ሰጠቻቸው።

ሽማግሌው አንድ ጎባጣ ክብ ሥለው ቆሙ። «ረሳሁት» አሉ።

«አልረሱትም፤ አያውቁትም። ርእሰ መምህሩም የንብ ቤት ነው ያሉት። ታዲያ ማን ሣለው? ሁለት ቀስት፣ ሂያጅና መጪ፣ ‹ይወዛወዛል› ማለት ነው። ሟች ደግሞ ‹አይወዛወዝም› ሲሉ የኖሩ ሰው ናቸው።» የልጅቷን መዳፍ ይዛ ወደ እነርሱ ዘረጋችው። «የእሳቸው ቀስት አንድ ነው፣ በሁለቱም ጫፍ ሹል። ይህን ተማሪዎቹ በዜሮ ተምረውታል። እዚህ ፎቅ ላይ ሥዕሉን የሚያውቅ፣ ሞለኪውሉ ግን ዥዋዥዌ ይጫወታል የሚል አንድ ሰው ብቻ ነበር። ጠዋት ሲያርሙት የሰማው አልቀረለትም፤ ከበቅሎዋ ወዲያ ጆሮው ተደፍኖ ነበር።»

«ስለ በቅሎ ምን አገባው?» አሉ ርእሰ መምህሩ።

«አባባን ይጠይቋቸው። ሰው ለባዕድ ወህኒ አይወርድም። ምንዎ ነው፣ አባባ?»

«ባልደረባዬ ነው» አሉ ሽማግሌው።

«የባልደረባ እጅጌ እንደዚያ አይጠረግም።»

ያን ጊዜ ወጣቱ ፊቱን በእጆቹ ሸፈነ። «እኔ ነኝ የለመንኩት» አለ። «እዚህ ስቀጠር ‹አታውቀኝም፣ አላውቅህም› አልኩት። ዛሬ ክፍሉ በሙሉ ‹አባትሽ ማን ነው› ብሎ ሲስቅ፣ እንዳወቁብኝ ገባኝ። ለምን አዋረዱኝ ብዬ በምሳ ሰዓት እዚህ ገባሁ። ‹ስለ ምንድን ነው የምታወራው፣ ልጄ?› አሉኝ። የሚያሾፉ መሰለኝ። ገፋኋቸው።»

«አላወቁም ነበር» አለች የክፍል አለቃዋ ከበሩ። «በየዓመቱ ነው የሚሉት። እርስዎ ሳይመጡ ለእህቴም ክፍል ብለዋል።»

«እኔም ለማንም አልተነፈስኩም» አሉ አባባ፣ ልጃቸውን ብቻ እያዩ። «ማንም እንዳይሰማ ብዬ ቤቴ ብቻዬን ሆኜ እንኳ ስምህን አልጠራሁም።»

ወጣቱ የሰው ሕይወት በከንቱ መጥፋቱ ገና አሁን የገባው ይመስል፣ ወለሉ ላይ የቀረውን ደም ፈዞ ያይ ጀመር።

ፖሊሶቹ እጁን አስረው ሲያወጡት ኮሪደሩ ግራና ቀኝ በተማሪ ተሞልቶ ነበር። አባባ ከኋላ ተከተሉ። አንዱ ፖሊስ ክንዱን ዘርግቶ ከለከላቸው።

«ወዴት ነው፣ አባት? እርስዎ ምኑ ነዎት?»

ሽማግሌው ዝም አሉ። ቃል ገብተው ነበርና ዛሬም ሊያፈርሱት አልቻሉም።

ወጣቱ ዞረ። «አባቴ ነው» አለ፣ ኮሪደሩ በሙሉ እስኪሰማ ጮክ ብሎ። «እዚህ የሚያጸዳው ሰውዬ አባቴ ነው!»

አባባ ይህን ቃል ለመስማት ያልተሳሉት ስለት አልነበረም። አሁን ግን የዚያ ሁሉ ልጅ ዓይን ሲያርፍባቸው ቀና ማለት አፍረው ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ።